ለገና ላሊበላ ጸናጽል ይዤ ልሄድ ነው፣ እጄ ግን ይቀድማል። ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ጸናጽል ከደሴ (ኅዳር 18)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ወረብ (በከበሮና በጸናጽል የሚዘመረውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ) መማር ከጀመርኩ ግን ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ የሚያስተምሩን መሪጌታ ለገና ላሊበላ ይዘውን ሊሄዱ ነው። አሥራ አራት ልጆች ነን። በገና ጠዋት እዚያ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉን እስካሁን ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው። እናቴ ሌሊቱን ዶሮ ስትሠራ አድራ፣ ጠዋት ስርጭቱ ሲጀምር ከማድ ቤት ወጥታ እጇን እየጠረገች ቆማ ታየው ነበር። አሁን እኔ ራሴ እዚያ ልገኝ ነው። ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል። ፍርሃትም አለ፣ ለዚያ ነው የምጽፈው።

ችግሬ እጄ ነው። ይቀድማል። ቁም ዜማ ላይ ምንም አልሆንም፣ ያኔ ከበሮም ጸናጽልም የለ። ዝማሜ ላይም መቋሚያዬን ይዤ ከሰው እኩል እሄዳለሁ። መረግዱም ረጋ ያለ ስለሆነ አይጠፋኝም። ጽፋት ሲመጣ ነው ጉዴ የሚፈላው። ከበሮው ሲፈጥን ልቤ አብሮ ይፈጥናል፣ እጄ ደግሞ ከልቤም ቀድሞ ይሄዳል፣ እና አሥራ ሦስቱ ልጆች ሳይደርሱ የእኔ ጸናጽል ብቻውን ጮኾ አርፏል። አሥራ አራት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ ይሄ በደንብ ይሰማል።

ባለፈው እሑድ መሪጌታ ሁሉንም አስቆሙና ወደ እኔ መጡ። ጸናጽሉን ከእጄ ወሰዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ወዘወዙት፣ ድምፁ እስኪጠፋ ዝም ብለው ጠበቁ፣ መለሱልኝ። «አንተ ትመታዋለህ እንጂ አትሰማውም» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ ይቺው ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፦ እጃችሁ ይቀድም የነበረ ሰዎች ካላችሁ እንዴት አስተካከላችሁት? ሌላው፣ የምይዘው የሰንበት ትምህርት ቤቱን ጸናጽል ነው፣ አንዱ ቅጠል (ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተው) ቀዳዳው ሰፍቶ ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የሚወድቀው፣ የራሴን ልግዛ ወይስ ይሄ ይሠራል? ደግሞስ እዚያ ስንደርስ የት ነው የምንቆመው፣ እንዘምራለን ወይስ እናያለን ብቻ? ስለ ብርዱና ስለ ማደሪያውም የምታውቁትን ንገሩኝ።

ሮሃ ላስታ (ኅዳር 18)

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ። እኔ ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ዲቁናም የተቀበልኩት እዚሁ ነው።

ብዙ እንግዳ የሚያዝንበት ነገር ስላለ መጀመሪያ እሱን ልንገርህ። ቤዛ ኩሉ የሚዘመረው ቤተ ማርያም ነው። ቤተ ማርያም እንደምታውቀው ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለች ስለሆነች ግቢዋ ጥልቅ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ የድንጋዩ አፋፍ ይከብባታል። ያንን አፋፍ ማሜ ጋራ እንለዋለን። ጠዋት ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ ማሜ ጋራ ላይ ዙሪያውን ይቆማል፣ ግማሹ ታች ግቢው ውስጥ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰው ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይቀበላል፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ያ ቦታ የካህናቱና የሊቃውንቱ ቦታ ነው። ከየአገሩ የመጣ ወጣት ሁሉ ሰልፉ ውስጥ ልግባ ቢል አፋፉ አይችለውም። ስለዚህ ማሜ ጋራ ላይ ቆሜ ጸናጽል እመታለሁ ብለህ እንዳትመጣ።

ይሄን ስልህ ግን ቅር እንዳይልህ። ዋዜማውን ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል። መሪጌታችሁ እዚህ የሚያውቁት ሊቅ አይጠፋም፣ አስቀድመው በእሳቸው በኩል ይጠይቁላችሁ። ፈቃድ ካገኛችሁ ዳር ይዛችሁ መቆም ትችላላችሁ። ባታገኙም ምሽት ላይ ምእመኑ ባረፈበት ሜዳ ሁሉ ዝማሬ አለ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ እዚያ ይገናኛል፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው ከበሮውን ይዞ ይመጣል። የእኔ ትልቁ ትዝታ እንዲያውም እሱ ነው።

በ28 ማታ ደርሼ እገባለሁ አትበል። ታኅሣሥ 29 ለእኛ የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፣ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው፣ ሕዝቡ ከቀናት በፊት ጀምሮ ይሞላል። በ26 ወይም በ27 ብትደርሱ ጥሩ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን እሳለማለሁ ብለህ ራስህን አታድክም። ጉልበትህን ለሌሊቱ አስቀምጠው።

እጅህን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። ከበሮውን አትከተል። ከፊት ለፊትህ የቆመውን ትልቅ ሰው መቋሚያ ተከተል። ከበሮ ያነሳሳል፣ መቋሚያ ያሳርፋል። እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

የመርሳዋ (ኅዳር 19)

ሰላም ወንድምዓለም። ካቻምና ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጋር ሄጄ ነበር፣ እኔ የምነግርህ የመንገዱንና የሆዱን ጉዳይ ነው።

ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በእኛ በመርሳ አድርጋችሁ ወልድያ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ድልብን ትወጡና ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ቀኑ ሲቀርብ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያ ያሉ ሰዎችን ጠይቁ፣ ይሄን ለአስተባባሪ ብቻ አትተዉት። እኛ የተከራየነው መኪና ሹፌሩ መሸብኝ ብሎ ጋሸና ላይ አሳድሮናል። የጋሸናን ብርድ ለጠላቴም አልመኘውም። ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተደጋግፈን ነው ያደርነው።

አንተ የደሴ ልጅ ስለሆንክ ብርድ አልፈራም ትል ይሆናል። ደሴ ግን ሌሊቱን ሙሉ በካልሲ ድንጋይ ላይ አትቆምም። ጫማ ይወለቃል፣ ድንጋዩ ደግሞ ሌሊት ላይ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበት ይወጣል። ሁለት ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያዝ፣ አንዱ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ሌላውን ትቀይራለህ። ነጠላ ብቻ እንዳትይዝ፣ ጋቢ ያዝ። ጾም ስለሆነ በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት አዘጋጁ፣ የቆሎው ነገር አይረሳ፣ ሌሊት ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ ሰው ያቆማል።

ጸናጽልህን ከልብስ ጋር ሻንጣ ውስጥ አትክተተው። የአንዷ ልጅ ከመኪናው ላይ ከተጫነ በኋላ ዘንጉ ጎብጦ ነው የወጣው፣ ቅጠሎቹም መንሸራተት አቃታቸው። እቅፍህ ላይ ያዘው።

ማደሪያ እኛ ድንኳን ነበር የያዝነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የገባን ቀን ከመኪና ወርደን እቃ ተሸክመን ስንሄድ አንዲት እናት ከደጃፋቸው ጠሩን። ውኃ አሙቀው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይዘው ቁጭ ብለዋል። «እግራችሁን አምጡ» አሉን። እኔ አፈርኩ፣ እናቴን የሚያህሉ ሰው እንዴት እግሬን ያጥባሉ ብዬ ወደኋላ አልኩ። ያዝ አደረጉኝና አቧራውን በጣታቸው እያሹ አጠቡልኝ፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁልኝ። የላስታ ሰው እንግዳ የሚቀበለው እንዲህ ነው። ስትሄድ እምቢ እንዳትል።

ሳይንቴው በስደት (ኅዳር 20)

ሰላም የአገሬ ልጆች። እኔ ቦረና ሳይንት ተወልጄ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። ይሄን ጥያቄ ሳነብ እጄ የሚቀድመው ልጅ እኔ ራሴ ነበርኩና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ግን የቀደምኩት በጸናጽል አይደለም፣ በደወል ነው።

እዚህ የእጅ ደወል የሚባል የዜማ ቡድን አለ። በእኛ አገር በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የሚያቃጭለውን ቃጭል አስቡት። የእነሱ ግን እያንዳንዱ ደወል የራሱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ትልልቅ ቡድኖች የሚጠቀሙበት አምስት ኦክታቭ ስብስብ 61 ደወል አለው፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተደርድሮ ይካፈለዋል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደወል ነው የሚይዘው፣ በግራና በቀኝ። ዜማው ውስጥ የአንተ ድምፅ ሲደርስ ትመታለህ፣ ሳይደርስ ዝም። ደወሉን ወደ ፊት ዘርግተህ ክብ አድርገህ ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ ድምፁ እንዲቆም ስትፈልግ ትከሻህ ላይ ታስጠጋዋለህ። ደወሉ ነሐስ ስለሆነ የእጅ ላብ ያበላሸዋል፣ ለዚህ ሁሉም ጓንት ያደርጋል። ጠረጴዛውም ወፍራም ስፖንጅ ተነጥፎበት ነው፣ ስታስቀምጠው እንዳይጮህ።

የሥራ ባልደረባዬ ናት የወሰደችኝ። መጀመሪያ አካባቢ የማላውቀው ነገር ስለሆነ ቀለል አድርጌ አይቼው ነበር። ሁለት ድምፅ ለመምታት ምን ችግር አለ ብዬ። ከዚያ ስጀምር ተራዬ ሊደርስ ሦስት ምት ሲቀረው ክንዴ ይወጠራል፣ አንድ ምት ሲቀረው ደወሉ ከእጄ ያመልጣል። አንድ ዜማ ውስጥ የአንተ ድምፅ ያለ ቦታው ከገባ የሚሸፍንልህ የለም። በመዝሙር ቡድን ውስጥ ብትሳሳት ከሌላው ድምፅ ጋር ትደባለቃለህ። በደወል ግን ያ ድምፅ የአንተ ብቻ ነው።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከየከተማው ያሉ ቡድኖች ይሰባሰባሉ። ወራት ቀደም ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኖታ ይላካል፣ እያንዳንዱ በየቤተ ክርስቲያኑ ይለማመዳል፣ ከዚያ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ አንድ ቀን ተኩል አብረው ያጠናሉ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ለሕዝብ ይቀርባል። በመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደፈራሁ አልነግራችሁም። አንድ ደወል ሲመታ የምታውቀው ድምፅ፣ ያንኑ ድምፅ የያዙ ሠላሳ አርባ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲመቱት ሌላ ነገር ነው። ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የእኔኑ ድምፅ ነው የያዙት። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብለው ያሉኝ ይሄን ነው፦ «ከእኔ ጋር ተንፍስ»። በቃ። ኖታው ላይ ዓይኔን ሳላነሳ አተነፋፈሳቸውን ሰማሁ። ያን ቀን ከሰዓት አንድም ጊዜ አልቀደምኩም።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ትልቁን ደወል የሚደውሉ ሰዎች በክረምት ማማው ውስጥ ከሚንቀጠቀጡና ጎረቤት ከሚረብሹ ብለው በትንንሽ ደወል ቤት ውስጥ መለማመድ ጀመሩ። ማርጋሬት ሸርክሊፍ የምትባል የቦስተን ሴት እ.ኤ.አ. በ1902 ከለንደን ደወሎች ይዛ ተመለሰች፣ የአሜሪካ የእጅ ደወል ደዋዮች ማኅበርም በዚያው አቆጣጠር በ1954 ተመሠረተ። ይሄን የምነግርህ ብርድ ላይ ቆሞ መደወል የሁሉም አገር ታሪክ መሆኑን እንድታውቅ ነው።

ለአንተ የሚጠቅመው፣ ቁጠር። እኔ ኖታዬ ላይ የግራ እጄን ድምፅ በሰማያዊ፣ የቀኙን በቀይ አክብቤ እየቆጠርኩ ነው የተማርኩት። ሌላው፣ የማትመታበትን ጊዜ ተለማመድ። ጸናጽሉን ይዘህ አንድ ወረብ ሙሉ ሳትመታ ቁም።

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ (ኅዳር 21)

የሳይንቱ ወንድማችን ታሪክህ ደስ ይላል፣ ስለ ዝምታውም ትክክል ብለሃል። ቁጠር ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የያሬድ ዜማ አይቆጠርም። ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ነው የተጻፈው፣ ልኩ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። መሪው አንድን ቃል ዛሬ ትንሽ ቢያስረዝመው አንተ ቆጥረህ የትም አትደርስም፣ ቀድመህ ነው የምትገኘው። ምናልባት ልጁ የሚቀድመውም ስለሚቆጥር ይሆናል።

ጠያቂው ወንድሜ፣ ወረቡን ያለ ምንም ነገር በቃልህ ታውቀዋለህ? እጅህን አጣምረህ ቁጭ ብለህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቁም ዜማ ትለዋለህ? ካልቻልክ ችግሩ እጅህ አይደለም። ቃሉን ሳያጠና ጸናጽል የሚያነሳ ሰው ከበሮውን ከመከተል ሌላ ምርጫ የለውም። እኛ የአብነት ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ቃሉ ሳይጸና መቋሚያ እንኳ አያስነኩንም ነበር። ሌሊት በጨለማ ነበር የምናጠናው፣ መጽሐፍ እንዳናይ።

ስለ ጸናጽሉ። አዲስ አትግዛ፣ ቢያንስ አሁን። ገበያ ላይ ያለው አዲሱ ብዙው ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ድምፁ ይሰነጥቃል። ያንተ አሮጌው ነሐስ ከሆነ ወርቅ ነው የያዝከው። ቀዳዳው የሰፋውን ቅጠል ብቻ ለአንጥረኛ አሳየው፣ ወይ ይጠግነዋል ወይ በልኩ ሌላ ይቆርጥልሃል። ብዙ ጊዜ አይወስድም። ዘንጉም ጫፉ ላይ በደንብ መታጠፉን አይተህ ሂድ፣ ማኅሌት መሀል ቅጠል መሬት ላይ ሲረግፍ ያየሁት በዓይኔ ነው።

ስትይዘውም ግንባርህ ላይ አታንሳው። ሊቃውንቱ ጋድም ዘንጎቹን በያዕቆብ መሰላል፣ ወደላይና ወደታች የሚሉትን ቅጠሎች በመላእክት ይመስሏቸዋል። መላእክቱ ሲወጡም ሲወርዱም ይሰማል። አንተ እንደምትለው ከሆነ የምትሰማው ሲወርዱ ብቻ ነው፣ ስትመታ። ስትመልሰውም ድምፅ አለው። ያንን መልስ ሰምተህ ሳትጨርስ ሁለተኛውን ስለምትጀምር ነው የምትቀድመው።

አብዱ ኮምቦልቻ (ኅዳር 21)

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እንግዳ ሆኜ ነው የገባሁት፣ አንድ ነገር ግን ልበል። አባቴ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ሲወርድ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዞኝ ይሄድ ነበር። መንዙማ ላይ ድቤ የሚመታው ሰው እጁ እንዳይቀድም የሚያደርገውን ጠይቄው አውቃለሁ። ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚመታው። «ዓይኔን ከገለጥኩ እጄን አያለሁ፣ እጄን ካየሁ ዜማውን እረሳለሁ» አለኝ። መንዙማውን የሚያወርደው ሰው ከንፈሩን ሳይከፍት የሚወስዳት ትንፋሽ አለች፣ እሷን ነው የሚጠብቀው።

ሳይንቴው ስለ ትንፋሽ የጻፈውን ሳነብ ይሄ ትዝ አለኝ። መልካም ጉዞ ይሁንልህ ወንድሜ። ስትመለስ ኮምቦልቻ ብቅ ካልክ ቡና አለ።

ጸናጽል ከደሴ (ኅዳር 23)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእውነት እንዲህ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

የቆሎ ተማሪ የነበሩት ጋሼ ያሉት ነገር አሳፈረኝ፣ እውነት ስለሆነ። ትናንት ማታ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ወረቡን ያለ ጸናጽል ለማለት ሞከርኩ። ሁለት ቦታ ላይ ቃሉ ጠፋብኝ። ሁለቱም ቦታዎች እጄ የሚቀድምባቸው ናቸው። ሁለቱም! ለካ እዚያ ስደርስ ቃሉን ስለማላውቀው በከበሮው ነበር የምሻገረው።

ጸናጽሉን ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ አንጥረኛ ጋ ወስጄዋለሁ። አገላበጠና «ይሄ የድሮ ነው፣ ማን ሰጠህ?» አለኝ። ቅጠሉን ቀየረልኝ። አሁን ሁሉም እኩል ይወርዳሉ። ከጠገነ በኋላ ጆሮው ጋ ይዞ ሲያዳምጥ እኔም አብሬ አዳመጥኩ፣ እውነትም ሲመለስ ሌላ ድምፅ አለው፣ ቀጠን ያለ። እስከዛሬ አልሰማሁትም ነበር።

ሳይንቴው፣ አንድ ጥያቄ። በዚያ ደወል የእኛን ዜማ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?

ሳይንቴው በስደት (ኅዳር 24)

አዎ! አምና ቡድናችንን ለምኜ ትዝታን ሞከርነው። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ለአንድ ኦክታቭ አምስት ደወል ይበቃል፣ ሌሎቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳናቸው። ደወል ግን ድምፁ ይንጠባጠባል እንጂ እንደ ማሲንቆ አይጎተትም፣ ትዝታ ደግሞ መጎተት ይፈልጋል። መጀመሪያ ደረቀብን። በኋላ ደወሎቹን ትከሻ ላይ ሳናስጠጋ አንዱ በሌላው ላይ እንዲያስተጋባ ተውነው፣ ያኔ ትንሽ ወሎ ወሎ አለኝ። የሰማሁበት ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለ ቁጠር ግን ጋሼ ያሉትን ተቀብያለሁ። ኖታና ዜማ አንድ አይደሉም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ጸናጽል ከደሴ (ጥር 3)

እንኳን አደረሳችሁ። ተመልሻለሁ። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

በ27 ከሰዓት ገባን። መንገዱ ደህና ነበር፣ ጋሸናን በቀን አለፍናት (የመርሳዋ እህቴ አንቺን እያሰብኩ)። እግራችንንም አጠቡን። እኔም አፈርኩ፣ እኔም እምቢ ልል ነበር፣ ከዚያ ያልሽኝ ትዝ አለኝና እግሬን ሰጠሁ።

ሮሃ ላስታ ጋር ተገናኘን። እናቱ ቤት ነው ያደርነው፣ አሥራ አምስት ሰው! መሪጌታ ከድሮ የትምህርት ጓደኛቸው ጋር ተነጋግረው ለአምስታችን ብቻ ተፈቀደልን፣ ማኅሌቱ ላይ ዳር ይዘን እንድንቆም። ከአምስቱ አንዱ እኔ እሆናለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። መሪጌታ ስሜን ሲጠሩ ጆሮዬን አላመንኩትም።

ሌሊቱን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሻማው፣ ዕጣኑ፣ የሰው ትንፋሽ በብርዱ ውስጥ ጭስ ሆኖ ሲወጣ። ከፊቴ የቆሙት አባት ዕድሜያቸው ሰማንያ ሳይሞላ አይቀርም፣ መቋሚያቸውን በግራ ብብታቸው ስር አስገብተው ጸናጽላቸውን በሁለት ጣት ብቻ ነበር የያዙት፣ እንደ ዕንቁላል። እኔ ደግሞ በሙሉ መዳፌ ጨምድጄ። እሳቸውን አይቼ እጄን ፈታሁት። መረግዱ ደህና አለፈ። ጽፋቱ ሊገባ ሲል ከበሮው ሲነሳ ያ የማውቀው ነገር ደረቴ ላይ መጣ። ያኔ ጸናጽሉን ወደ ጎን አዘንብዬ ቅጠሎቹን በአውራ ጣቴ ያዝኳቸው፣ ድምፅ እንዳያወጡ። ቆምኩ። ቃሉን ብቻ አልኩ። አንድ ዙር ሙሉ ሳልመታ አለፈኝ። በሁለተኛው ዙር አባታችን ትከሻቸው ከፍ ሲል አየሁት፣ ትንፋሽ ሲወስዱ ማለት ነው፣ አውራ ጣቴን ለቀቅሁ። ገባሁ። የእኔ ጸናጽል የት እንዳለ አልሰማሁትም። ከእነሱ ጋር ስለነበር መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቀድሜያለሁ፣ ልዋሽ አልፈልግም። አንዱን አባታችን ሰምተውኛል፣ ዞር ብለው አዩኝና በዓይናቸው ብቻ ቀስ አሉኝ።

ጠዋት ቤዛ ኩሉ ላይ ከሕዝቡ ጋር ነበርኩ፣ ከማሜ ጋራ ማዶ ካለ ድንጋይ ላይ፣ ተገፍቼ ተገፍቼ አንድ እግር የምታህል ቦታ ነው ያገኘሁት። ጸናጽሌን ጋቢዬ ውስጥ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር። ላይ ያሉት ነጭ በነጭ ለብሰው አፋፉን ዙሪያውን ሞልተው ወዲህ ወዲያ ሲሉ፣ ከታች ደግሞ ግቢው ውስጥ ያሉት ሲቀበሉ፣ ድምፁ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ከእግሬ ስር ነው የመጣብኝ። የሚገርመው ከላይና ከታች ያሉት በአንድ ላይ ጸናጽል ሲያነሱ ጋቢዬ ውስጥ ያለው የእኔም ቅጠል መንዘር ጀመረ። አልነካሁትም፣ ራሱ። ወይም የደረቴ ምት ይሆናል። ለእናቴ ደወልኩላት፣ ስልኩን ወደ ታች አዘንብዬ ያዝኩላት፣ ምንም አላለችም፣ ከበስተኋላዋ ቴሌቪዥኑ ይሰማኝ ነበር፣ ትንሽ ዘግይቶ ያንኑ ዝማሬ ሲያሰማ።

አብዱ፣ በመጪው ሳምንት ኮምቦልቻ እመጣለሁ። የቡናውን ነገር አልረሳሁም።

የመርሳዋ (ጥር 3)

እንባዬን አመጣኸው። ጋቢ መያዝህ ደስ ብሎኛል። ለከርሞ እኛም እንመጣለን፣ ከበሮ መቺ እጥረት ስላለብን እናንተ ጋ ተጨማሪ ካለ አብረን እንሂድ።

ሮሃ ላስታ (ጥር 4)

ጋቢው ያልከው እናቴ ቤት ነው ያለው፣ ረስተኸው ሄደሃል። አጥባ አስቀምጣልሃለች። ከጥምቀት በኋላ ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው አለ፣ ስልክህን በውስጥ መልእክት ላክልኝ።